ሦስተኛው ቁልፍ

አራድ፣ ከገበያው ጥግ፣ ከሉድሚላ መድኃኒት ቤት ጎን፣
ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ማሽን፤
ቁልፍ እቀርጻለሁ። ከተማው በሙሉ በእጄ ያልፋል፤
የዳቦ ቤቱ፣ የጸጉር ቤቱ፣ ጥርሱ በብረት ይጻፋል።
የማዛል ቅመም ቤት በር ሁለቴ ካልዞረ አይከፈት፤
የምኩራቡ ቁልፍ ከባድ ነው፣ ባለ ረጅም አንገት፤
የባንኩን ግን አልነካም፣ እሱ የሚከፈት በቁጥር ነው፤
የቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ (አዎ፣ አለን) ቀጭን ቢጫ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስል ጉልላት፣ ደወል፣ ዛፍ እንዳታስቡ፤
ከፋብሪካው ሰፈር መጋዘን ነው፣ ቆርቆሮ ነው ጣሪያ ግንቡ፤
ፊት የምንጣፍ መሸጫ ነበር፤ ዛሬም ሙጫ ሙጫ ይላል፤
በሩ ላይ በዕብራይስጥ «ቅናሽ» የሚል እንደ ተሰቀለ ቀርቷል።
ሰዎቹ ከሰንዓፈ፣ ከአዲ ቀይሕ፣ በረሃ አቋርጠው የመጡ፤
ሳምንቱን ሙሉ ጨው ባሕር ዳር የሆቴል አንሶላ ሲለውጡ፣
እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ እንግዲህ ምን ይደረግ?
ቅዳሴያቸው በኔ ሰንበት ሆነ፤ ተጋጠመ ሕግ ከሕግ።

አባቴ ቄስ ነበር፣ ወገራ፤ የኛ ቄስ፣ ነጭ ጥምጣም ያለው፤
ክርስቲያን ጎረቤቱ «ቡዳ» ብሎ ከመንገድ የሚያገልለው፤
ርስት የለው፤ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ለሌላው የሠራ፤
ዳዊቱን ግን በግዕዝ ሲደግም ዝም ይል ነበር ተራራ።
እዚህ መጣን። ጸሎቱ ሌላ፣ ዜማው ሌላ፣ ፊደሉ ሌላ፤
መጽሐፉን ገልብጦ ያዘ፤ ተቀመጠ ከሁሉ ኋላ።

ሞተ። ግዕዙም አብሮት ሄደ። እንዲህ ብዬ ሳለሁ፣ አንድ ሰንበት
ከምኩራብ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ በመጋዘኑ አጠገብ፣ በድንገት፣
የአባቴ ቃል። በሌላ ሰው አፍ። ከቆርቆሮው፣ ከሙጫው ሽታ፤
ጎንበስ አልሁ፣ ጫማዬን ልፈታ፤ እጄን መለስሁ፣ ሳልፈታ።

ማክሰኞ ባለ መጋዘኑ ናፍታሊ መጣ፣ ላብ በላብ፤
ክፉ ሰው አይደለም፤ ብድር አለበት፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሐሳብ።
«ሆቴሉ ደመወዝ አቆየ አሉኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ታገሥኩ፤
ቁልፉን ከነሆዱ ቀይርልኝ፣ ሁለት ፍሬ፣» አለኝ። ሄድኩ።
ዋጋዬን ተቀበልሁ። ምን ልበል? ልጆች አሉኝ፣ ኪራይ አለብኝ፤
ሁለቱን ሰጠሁት። ሦስተኛ ቀረጽሁ። ማንም አላዘዘኝ።
ስም ሳልጽፍበት ከምስማሩ፣ ከሁሉም በታች ሰቀልኩት፤
ቀሺ ዘርኣይ ብቅ አለ፤ ደህና ዋልክ? አለኝ፤ ደህና አልኩት።
አየው? አላየው? እኔ እንጃ። ብሰጠው... ናፍታሊ ቢያውቅ...
ቁልፍ ቀራጭ አንዴ ከታማ ከገበያው ነው የሚወድቅ።
ተሰናበተኝ። ማሽኔን አስነሣሁ፣ የሚቀረጽ ነገር ሳይኖር፤
ጮኸ፣ ጮኸ።

ቅዳሜ ግን ሰማሁ። ከየት? ከአውዳ ጎማ ቤት፣ ከማዶ፤
ባዶዊው፣ የጎማ ክምሩን እንደ ባሕር ለሁለት ቀዶ፣
አስገብቷቸዋል። መጋረጃው ከመኪና ማንሻው ክንድ ተሰቅሏል፤
ሕፃናት ጎማ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዱን እንቅልፍ ወስዶታል።
እሱ፣ እስላሙ፣ ከደጅ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ፣
ሲጋራውን ያጨሳል፣ ዝም ብሎ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ።
በሰንበት ሸክም አልይዝም፤ ኪሴ ባዶ ነው፤ ሕጉ ነው፤
ሱቅ ውስጥ የተሰቀለው ቁልፍ ጭኔን የሚመታኝ ምነው?

እሑድ አውዳ ሱቄ መጣ፣ ዝገት የበላው ጓጉንቸር ይዞ፤
«ሃያ ዓመት ሳልቆልፍ ኖርሁ፤ ማን ይሰርቃል ጎማ አግዞ?
አሁን ግን መጽሐፋቸውን ትተው ሄዱ። አደራ ነው። ሥራልኝ።»
«ስንት ፍሬ ልቅረጽ?» አልሁት። ግራ ገብቶት አየኝ።
ለሱ፣ ለቄሱ፣ ለከበሮ መቺው፣ ማታ ለምትጠርገው ሴት፣
በጥቁር ጣቱ ቆጠረ፣ ቆጠረ፤ ጣት አለቀበት።
እጄን ስቦ
በኔ ጣት ቀጠለ።